ቡሹሎ ዘግይተን የደረስንበት ቀን

ስልክ ላይ ሥርዓት የለኝም። ይህን ቤተሰቦቼ ሁሉ ያውቃሉ። አንድ ሰው ደውሎ «እገሌን ትንሽ አሞት ነበር…» ብሎ ሲጀምር፣ «ሞቷል ወይስ አለ?» ብዬ እቆርጠዋለሁ። አክስቴ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ጆሮዬ ላይ ዘግታብኛለች። ታናሽ እህቴ ደግሞ ብስክሌት ላይ ብዙ ከመንገጫገጬ የተነሳ ጭንቅላቴ ላልቷል ትላለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን ለማናቸውም አልነገርኳቸውም። ምክንያቱ ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የሥራ ቀን የሆነ ነገር ነው፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ሥራዬ እንግዳ ማዞር ነው። ጠዋት ከሐዋሳ እንወጣለን፣ ቀኑን በብስክሌት ገጠር ለገጠር እንሄዳለን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ከተማ የብስክሌት መለዋወጫ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ ያደግሁት በጎማና በካላማዳሪ ክምር መሃል ነው። ሰንሰለት መቀጠል የቻልኩት ፀጉር መጎንጎን ከመቻሌ በፊት ነው። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ብርቅ አይደለም፤ በብስክሌት እንጀራዋን የምትበላ ሴት ስትገኝ ግን ሰው ዞር ብሎ ያያል። መጀመሪያ ሰሞን የሚሳደቡትን መልሼ እሳደብ ነበር፤ አሁን ደወሌን ብቻ አቃጭዬ አልፋቸዋለሁ።

ከእኔ ጋር ሁልጊዜ የሚሠራው ሾፌር በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ «ጋሼ» ነው የምለው። እኔ ከፊት በብስክሌት እመራለሁ፣ እንግዶቹ መሃል ናቸው፣ እሱ ደግሞ አሮጌ ላንድክሩዘሩን ይዞ ከኋላ ይከተለናል። ውኃው፣ መለዋወጫው፣ እግሩ የከዳው እንግዳ ሁሉ የሚጫነው እሱ ላይ ነው። ጭቃም ሆነ ድንጋይ የማይነዳበት ቦታ የለም። እየነዳ በሲዳምኛ መዝሙር ይዘምራል። ዳገት ላይ ስንገዳገድ ሲያየኝ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንቺ ልጅ፣ ልግፋሽ እንዴ?» ይለኛል፤ እኔም አፌ ላይ የመጣውን እመልስለታለሁ። የሚያዩን እንግዶች አንዳንዴ የተጣላን ይመስላቸዋል።

እናቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ይኖሩ ነበር። ከሥራ ስንመለስ ብዙ ጊዜ ጎራ እንል ነበር። የእሳቸው አማርኛ ጥቂት ነው፣ የእኔ ሲዳምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም፤ ስለዚህ እሱ መሃል ቆሞ ያስተረጉማል። አንድ ቀን ብስክሌቴን ዙሪያውን ዞረው አዩና የሆነ ነገር አሉ። «ይቺን የሚያገባ ሰው ሯጭ መሆን አለበት ትላለች» አለኝ። እናትና ልጅ ተያይዘው ሳቁብኝ። ከልጆቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን እንደነበረ አይደብቁም፤ ለእህቱ እንኳ በግልጽ ይነግሯታል።

ያን ቀን እንግዶቻችን ባልና ሚስት ፈረንጆች ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ፣ ግን እግራቸው ከወጣት የሚበልጥ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው። ብስክሌቶቹን መኪናው ጣሪያ ላይ አስረን ከወንዶ ገነት በላይ ያለውን ኮረብታ ወጣንና ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐዋሳ ጀመርን። መንገዱ በእንሰትና በቡና መሃል ይወርዳል። ሙዙ፣ አቮካዶው፣ ሸንኮራው ሁሉ እርጥብ ነው፣ ሁሉም ይንጠባጠባል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ዝናቡን መልሰው አናታችን ላይ ያራግፉታል። ሚስትየዋ በየሁለት ደቂቃው እየቆመች ፎቶ ታነሳለች፣ እኔ በየሁለት ደቂቃው ጥርሴን እነክሳለሁ።

አራት ሰዓት ገደማ አንድ ገበሬ ግቢ ቆምን። የቤቱ ሴቶች እንሰት ይፍቁ ስለነበር እንግዶቹ ሊያዩ ገቡ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ የብስክሌቴን ፍሬን ሳጠብቅ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«የብስክሌቷ ልጅ ነሽ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ፤ ማን ልበል?»

«የሾፌሩ እናት ጎረቤት ነኝ። እሱ አብሮሽ ነው?»

«አብሮኝ ነው።»

«እናትየውን አሟቸዋል። ስሙን እየጠሩ ነው። ይዘሽው ነይ። እየነዳ ስለሆነ ግን እንዳታስደነግጪው፤ በዘዴ አድርጊው።»

ከሽማግሌው ድምፅ ጀርባ ሴቶች ይዘምራሉ። ብዙ ናቸው። ቀስ ያለ መዝሙር ነው፣ ለቅሶ ቤት ሲዘመር የሰማሁት ዓይነት። «እሺ አባባ፣ እናመጣዋለን» አልኩና ስልኩ ተዘጋ።

ሞተዋል አልኩ። ለአፍታ እንኳ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ለምን እንዳላሰብኩ መናገር አለብኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ዲላ ተማሪ ነበርኩ። አጎቴ ዶርም ድረስ መጥቶ «አባትሽን ትንሽ አሞታል፤ ሊያይሽ ፈልጓል» አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ብርቱካን እየላጠ ሰጠኝ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ብርቱካን ልጦ የማያውቅ ሰው ነው። ሐዋሳ ስንገባ ወደ ቤታችን ሳይሆን አክስቴ ቤት ወሰዱኝ፣ አበሉኝ፣ አስተኙኝ፤ ሲነጋጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰብስበው ገቡና ነገሩኝ። አባቴ ከተቀበረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በስልክ የሰማሁት መርዶ ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያ «ትንሽ አሟታል»፣ ቀጥሎ ድንኳን። በስልክ ታመመ የተባለ ሰው ድኖ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ሽማግሌው የነገሩኝን አልሰማሁም። የሰማሁት፣ ሊነግሩኝ ያልደፈሩ የመሰለኝን ነው። እሳቸው ግን ምንም ሳይሸፍኑ፣ የሆነውን እንደሆነው ነበር የነገሩኝ።

መርዶ የያዘ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አውቃለሁ። ሰው ገደል አፋፍ ላይ፣ መሪ ይዞ፣ እናትህ ሞተች አይባልም። ዘመድ ይሰብሰብ፤ ድንኳኑ ይተከል። ደግሞም እህል ይቅመስ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንደማይበላ ማን ያውቃል? ይህን ሁሉ በአንዴ አሰብኩ። ፊቴን አስተካክዬ ወደ መኪናው ሄድኩ። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት እያየ ነበር።

«ማን ነው?» አለኝ።

«እህቴ ናት። ስለ ሱቁ ነው።»

ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝና ወደ ዘይቱ ተመለሰ። ደህና አድርጌ ዋሸሁ ብዬ ነበር።

ለሚስትየዋ ግን ነገርኳት፤ ፕሮግራሙ ቢዛባ እንዳትቀየም ብዬ ነው። «የሾፌራችን እናት አርፈዋል፤ እሱ ገና አልሰማም» አልኳት በእንግሊዝኛ። በፀሐይ የቀላው ፊቷ ነጣ። «አሁኑኑ ንገሪው» አለችኝ። የእኛ ልማድ እንደዚያ አይደለም አልኳት። «የራሱ እናት ናት እኮ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «እኔ ብሆን አልምርሽም» አለችኝ። ተናደድኩባት። አንድ ቀን ብስክሌት ነድታ ለቅሶ ልታስተምረኝ! ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ሰዓታት፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደግ ሆኜ የማላውቅባቸው ናቸው። ቁልቁለቱን ቀስ አድርጌ መራሁ። ዳገቱ ላይ ሲጠራኝ አልተሳደብኩም። ቀልዱን ሁሉ ሳቅሁለት፣ የማያስቀውን ጭምር። ውኃ አቀበልኩት፣ «ደክሞህ ይሆናል፣ አረፍ በል» አልኩት። እሱም ያን ቀን ታዛዥ ሆኖ ነበር፤ አረፍ በል ስለው ያርፋል። ከተማው ሊታየን ሲል አንድ ጅረት ጋ መኪናውን አቆመና «በዚህ ጭቃ ከተማ አልገባም» ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ያጥብ ጀመር። አራቱንም ጎማ አጠበ። በሮቹን አጠበ። መስተዋቱን ወለወለና ተመልሶ ደግሞ ወለወለው። ሌላ ቀን ቢሆን እጮህበት ነበር። ያን ቀን ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እግዜር ራሱ እያገዘኝ ነው አልኩ፤ በዚህ መሃል ዘመዶቹ ይደርሳሉ፣ ቤቱም ይዘጋጃል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ፣ በራሴ ኮርቼ ነበር። ይህን የመሰለ ከባድ ነገር በሆዴ ይዤ ፊቴ ላይ ምንም አለመታየቱ አኩርቶኝ ነበር።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ ቡሹሎ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዓሣ አዘዝኩ፤ ጥብስም ሾርባም። አሥጋሪዎቹ ከሐይቁ ያወጡት ገና እየተገፈፈ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀቱ እስኪጣልላቸው በረጃጅም እግራቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ትልቁን ዓሣ እሱ ፊት አደረግሁለት። እሾሁን እየለቀምኩ አጎረስኩት።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ብላ።»

በላ። ሾርባውንም ጨለጠው። ባልየው ምንም ስላልተነገረው ደህና ይበላል። ሚስትየዋ ግን ሳህኗን አልነካችም። አንድ ጊዜ ብቻ ካሜራዋን አንስታ ሳጎርሰው ፎቶ አነሳችንና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። የጠዋቱ ቁጥር ነው። እሱ ፊት ላነሳው አልችልም፤ ደግሞም የሚሉኝን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ «የት ደረሳችሁ፣ ለቀስተኛው እየጠበቀ ነው» ሊሉኝ ነው። ድምፁን አጠፋሁና ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እንደገና ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሌላ ጉርሻ አጎረስኩት።

እንግዶቹን ሆቴላቸው አድርሰን፣ «እስኪ እናትህን ሰላም ብለን እንመለስ» አልኩት። «እሺ» አለ። ለምን አላለኝም። በመንገዱ ሁሉ አልዘመረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእናቱ ግቢ በር ላይ ቆምን።

ድንኳን የለም።

ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ አልወጣም። ዶሮዎች ይጭራሉ፤ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። አሉ ማለት ነው! ታመዋል የተባለው እውነት ነው፣ በሕይወት አሉ! የደስታዬን ነገር መናገር አልችልም፤ እየሮጥኩ ገብቼ ጉልበታቸውን ልስም ነበር። ደስታዬ አሥር ርምጃ ያህል ቆየ። ከዚያ ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች እሱን በመስኮት አዩትና ጮኹ።

ሽማግሌው ብቅ አሉ። «አሁን ነው ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት አይሆንም» አሉት። እሱ በአጠገባቸው አልፎ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር።

«ከአራት ሰዓት ጀምሮ?» አሉኝ። «ነግሬሽ አልነበረም? ስሙን እየጠሩ ነው አላልኩሽም?»

«መኪናው…» አልኩ። «መኪናው ተበላሽቶብን ነው።»

እሱ በሩ ላይ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶን እንደቆመ፣ «ጎማ ነው» አለ። «ሁለት ጊዜ ፈነዳብን።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ለቅሶውን እስከ መጨረሻው አገለገልኩ። ውኃ ቀዳሁ፣ ብርጭቆ አጠብኩ፣ ወንበር ተሸከምኩ። እህቱ አጠገቤ ሆና እያጠበች የሆነውን በአማርኛ ነገረችኝ። እናትየው ከጠዋት ጀምሮ መኪና ባለፈ ቁጥር ከትራሳቸው ቀና እያሉ «እሱ ነው?» ይሉ ነበር። የመኪናውን ድምፅ ከሌላው ይለዩታል፤ ግን ያን ቀን ሁሉም መኪና የእሱ መሰላቸው። መዝሙሩም የለቅሶ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለታማሚ ሊጸልዩ መጥተው ያዜሙት ነው። «ያ የተረገመ ጎማ!» አለች እህትየው። ለቀስተኛው ሁሉ ጎማውን ረገመው። የጎማ ነጋዴ ልጅ ነኝና፣ ብርጭቆው ላይ አጎንብሼ ሳቅ ሊያመልጠኝ ሆነ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝና ሐዘንተኞቹ ራሳቸው መጥተው አጽናኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራችንን ቀጠልን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፤ እናቴ እንዲያውም በምንም አታምንም ብላ ታዝንብኛለች። ግን ብስክሌት ላይ ሆኜ ከኋላዬ የመኪናው ድምፅ ሲሰማኝ፣ የሆነ የእንሰት አጥር ጀርባ አንዲት አሮጊት ከትራስ ቀና የሚሉ ይመስለኛል። በቀትር ነው ይህ የሚሆነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ እንግዶቼ እየተሳሳቁ። «እሱ ነው?» የሚለውን እሰማለሁ፤ በሲዳምኛ ነው የምሰማው፣ ግን ይገባኛል። እግሬ ፔዳሉ ላይ ይደርቃል። አንድ ቀን በዚህ ምክንያት ቦይ ውስጥ ገብቼ ክንዴ ተላጠ። እንግዶቹ ለእነሱ ብዬ ያደረግሁት ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

የቡሹሎን መንገድ ከፕሮግራማችን አወጣሁት። «መንገዱ ተበላሽቷል» አልኩት። እንዳልተበላሸ ያውቃል፣ ያደገበት ሰፈር ነው። «እሺ» አለ። ዓሣ መብላትም ተውኩ። ሚስትየዋ ከአገሯ ኢሜይል ጻፈችልኝ፤ ያን ዕለት ያነሳችውን ፎቶ ልካ፣ «በደንብ አድርጋችሁ እንደነገራችሁት ተስፋ አደርጋለሁ» ብላለች። ፎቶው ላይ አፉን ከፍቷል፣ እጄ ከንፈሩ ጋ ደርሷል፤ ሁለታችንም ፈገግ ብለናል። ሰረዝኩት። ብሰርዘውም ምንም አልጠቀመኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ የተቀመጠው ስልክ ሳይቀር ይታየኛል።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን «ጎማ ነው» ማለቱ ነበር። ለምን ደገፈኝ? አንዳንዴ፣ ደንግጦ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ከውርደት ሊያድነኝ ብሎ ነው እላለሁ፤ ይህኛው ይብስብኛል፣ ምክንያቱም እናቱ ያሉበት በር ላይ ቆሞ ነው ለእኔ የዋሸው። ሲከፋኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ እንድኖርለት ነው ያደረገው እላለሁ። ያኔ በሆነ ባልሆነው ጠብ አነሳበታለሁ፤ ለምን ዘገየህ፣ ለምን ቀደምክ፣ ለምን ጡሩምባ ነፋህ። ድሮ ይመልስልኝ ነበር። አሁን አንድም ቀን አይመልስልኝም። መዝሙሩንም ትቷል።

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ የመጡ አራት ወጣቶች ይዘን ወጣን። ከኮረብታው ሥር መኪናው ጭቃ ውስጥ ገባና እስከ በሩ ድረስ ሰመጠ። ድንጋይ ከጎማው ሥር ብናደርግ፣ ቅጠል ብናነጥፍ፣ ወይ ፍንክች። አንድ የሰፈሩ ሰው በሬዎች ሊያመጣልን ሄደ። ወጣቶቹ በዚያው ፏፏቴ እናያለን ብለው ከሰውዬው ልጅ ጋር ወጡ። እኔና እሱ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ሁለታችንም እስከ ጉልበታችን ጭቃ ነን። የሚጠገን ነገር የለም፣ የምንሄድበት የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ ነበር የሸፈነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ሥራ አልነበረም።

«ጋሼ» አልኩት። «ያን ቀን የተደወለልኝ ከእህቴ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ሽማግሌው ናቸው። ታመዋል ነው ያሉኝ። ስምህን እየጠሩ ነው አሉኝ። እኔ ግን ሞተዋል ብዬ…»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ያኔውኑ ነግረውኛል።»

ልናዘዝ መጥቼ መቆጣቴ ያሳፍራል፣ ግን ተቆጣሁ። «ታዲያ ጎማ ነው ለምን አልክ? ለምን አልረገምከኝም? ሦስት ዓመት ምን እያየህ ነው ከኋላዬ የምትነዳው?»

በእንጨት ከጫማው ላይ ጭቃ እየፋቀ ቆየ። እንጨቱ ተሰበረበትና ሌላ አነሳ።

«ስልኩን ዘግተሽ ስትመጪ ፊትሽን አየሁት» አለኝ። «እህቴ ናት አልሽኝ። ሞታለች አልኩ በልቤ። ከዚያ ውኃ ስታቀብዪኝ፣ አረፍ በል ስትዪኝ፣ እርግጠኛ ሆንኩ። አንቺ ለእኔ ደግ ሆነሽ አታውቂም።»

ዓይኔን ወደ ሰመጠው መኪና መለስኩ።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?» አለ።

«እነግርህ ነበር።» እውነቴን ነው፤ አንዴ አጥብቆ ቢጠይቀኝ ልደብቀው አልችልም ነበር።

«ለዚያ ነው ያልጠየቅኩሽ። ቤት እስክደርስ ድረስ እናት አለችኝ አልኩ። ያን መኪና ያጠብኩት ለጭቃው መሰለሽ? ባላጥበው፣ ቁልቁለቱን እንደ ልማዴ ብነዳው፣ አንቺ ብታዘገዪኝ እንኳ ትቼሽ ብሄድ፣ እደርስ ነበር። ጎማ ነው ያልኩት ላንቺ ብዬ አይደለም።»

ያን ሁሉ ጊዜ፣ ይቅርም የሚለኝ፣ የሚረግመኝም ሰው ከኋላዬ አለ ብዬ ነበር የምኖረው። አንድ ቀን አፍ አውጥቼ እነግረዋለሁ፣ ይጮህብኛል፣ ይገላግለኛል እል ነበር። እሱ ግን እንደ እኔው የሚያስታርቀው ያጣ ሰው ነው። ልይዘው እጄን ዘረጋሁና ጭቃ መሆኑን አይቼ መለስኩት።

«ዓሣውንስ?» አልኩት። «እያወቅህ ነው የበላኸው?»

«መርዶ የሚጠብቀው ሰው እህል ይቅመስ አይደል የሚባለው? እንቢ ብልሽ ማወቄን ታውቂብኝ ነበር።»

ከላይ የወጣቶቹ ሳቅ ይሰማል። በሬዎቹ ገና አልመጡም። ተነሥቶ መኪናውን ዞሮ አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«እህቴ ላንቺ ያልነገረችሽ አንድ ነገር አለ» አለኝ። «ለእኔም የነገረችኝ ከዓመት በኋላ ነው። ሽማግሌው ሁለቴ ደውለው ሳታነሺ ስትቀሪ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሊደውሉ ስልኩን አነሡ። እናቴ እጃቸውን ያዘች። ‹ተዉት፣ ምሳውን እየበላ ይሆናል፤ ልጄ ሳይጠግብ እንዳትጠሩት› አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

«ስንት ሰዓት ላይ?» አልኩት።

«ስምንት ሰዓት ላይ።»

ስምንት ሰዓት ላይ እያጎረስኩት ነበር።